ከግድግዳው ላይ አውርዱልን፦ በጎንደር ላሉ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ አመራሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ለምትገኙ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ አመራሮች፣ የሬጅስትራርና የአይሲቲ ኃላፊዎች፣ የትምህርት ክፍል ተጠሪዎች

ጉዳዩ፦ የተማሪ መረጃ አያያዝን ይመለከታል

ከአንድ ካምፓስ በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት አገልግሎት የምሰጥ ሰው ነኝ። የትኛው በር እንደሆነ አልናገርም፤ ብናገር ነገሩ የአንድ ተቋም ጥፋት ይሆንና ሌላው እፎይ ይላል። ደንበኞቼ ከመንግሥትም ከግልም ተቋማት ይመጣሉ፤ ልማዳቸው ግን አንድ ነው። የተማርኩት ኢንፎርሜሽን ሲስተም ነው። ሥራ ስፈልግ ቆይቼ በመጨረሻ ሁለት ማሽንና ጥቂት ኮምፒውተር ይዤ ተቀመጥኩ። ስለዚህ ነገሩ እንዴት መሆን እንዳለበት ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ እንዴት እየሆነ እንዳለ ደግሞ በየቀኑ ከማሽኑ መስታወት ላይ አነሣዋለሁ።

የፈተና ሰሞን ነው። የአንድ ትምህርት ክፍል ሠራተኛ ፍላሽ ይዞ ገባ። «ወንድምዓለም፣ ይችን ሦስት ኮፒ አውጣልኝ፤ ለጥፌ ምሳ ልሂድ» አለኝ። ፋይሉን ስከፍተው ኤክሴል ነው። ከግራ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ጾታ፤ ቀጥሎ የመጡበት ክልል፣ ዞንና ወረዳ፤ ሃይማኖት፤ የራሳቸው ስልክ፤ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ስምና ስልክ፤ የዶርም ብሎክና ክፍል፤ በስተመጨረሻ ቀኝ ጠርዝ ላይ ሚድ፣ አሳይመንት፣ ፋይናል፣ ግሬድ። ገጹ ከመስፋቱ የተነሣ ማተሚያው አንዱን ዝርዝር ለሁለት ለሁለት ወረቀት ሊከፍለው ነው።

«ይኼ ሁሉ ነው የሚለጠፈው?» አልኩት።

«እንግዲህ የተላከልኝ እንዲህ ነው» አለ።

እውነቱን ነው። ሬጅስትራር ሙሉ ዝርዝሩን ላከ፣ መምህሩ ውጤት ሞላበት፣ ተጠሪው አጸደቀው፣ እሱ ደግሞ ሊለጥፈው ወጣ። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ሠርቷል። በመሃል ግን «ይህ ዓምድ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ሥራው የሆነ ሰው የለም። የምጽፍላችሁ ስለዚያ ስለሌለው ሰው ነው።

ትርፉን ዓምድ ደብቄ የሚያስፈልገውን ብቻ አወጣሁለት። ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ወረቀቱ ስለቀነሰ ሒሳቡ ቀነሰለት። ፍላሹ ላይ ግን የሌሎች ባቾች ዝርዝርም ነበር፤ ያው ፍላሽ ደግሞ ከእኔ በፊት በስንት ሰው ኮምፒውተር እንደዞረ ይዞት የመጣው ቫይረስ ይመሰክራል።

አሁን ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ወጣ እንበል። ድሮ ቢሆን የሚያየው በዚያ ኮሪደር ያለፈ ሰው ነው፤ ከሳምንት በኋላም ዝናብ ወይም የሌላ ማስታወቂያ ሙጫ ይሸፍነው ነበር። ዛሬ የመጀመሪያው ተማሪ በስልኩ ያነሣውና ወደ ባቹ የቴሌግራም ግሩፕ ይልከዋል። በደግነት ነው የሚያደርገው፤ ጭልጋ ወይም ደባርቅ ቤተሰቡ ዘንድ ያለ ጓደኛው ውጤቱን እንዲያይለት። ከዚያ አንዱ ወደ ሌላ ቻናል ያሻግረዋል፣ በዓመቱም ማንም እየፈለገ ያገኘዋል። የሴት ተማሪዎች ስልክ ቁጥር ከየት እየወጣ በማያውቁት ሰው ማታ ማታ እንደሚደወልላቸው አገልግሎት ልትጠይቅ የምትመጣውን ማንኛዋንም ልጅ ጠይቁ፤ መልሷ ወደ አንድ የተለጠፈ ወይም የተላከ ዝርዝር ይመራችኋል።

ይኼ የተጋነነ የሚመስለው ካለ 2012 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በዚያ ዓመት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት የተማሪ ሕይወት ጠፍቷል፣ ሺዎች ካምፓስ ለቀው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። በዚያ ሰሞን አንድ ሰው የትውልድ ዞኑና የዶርም ቁጥሩ ጎን ለጎን ተጽፎ በር ላይ ተለጥፎ ማየት ምን ማለት እንደነበር በዚያ ዓመት የተማሩት ይንገሯችሁ። ያ ወረቀት በሰላሙ ቀን የሥራ ማቅለያ ነው፤ ቀኑ ሲከፋ ግን ለማን ምን እንደሚሆን የሚወስነው እናንተ አይደላችሁም። ይህ ክልል ደግሞ ቀኑ እንዴት በአንድ ሌሊት እንደሚከፋ የሚነገረው ክልል አይደለም።

ሕጉን ታውቁታላችሁ ብዬ እገምታለሁ፣ ግን ላስታውስ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅን መብት ያረጋግጣል። ያ ለብዙ ዓመት ዝርዝር ሕግ ሳይኖረው ቆየ። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ። አዋጁ ለባንክና ለቴሌ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ የሰው መረጃ ሰብስቦ የሚይዝ የመንግሥት ተቋምም የግል ኮሌጅም ይመለከተዋል። የሰበሰብከውን ለሰበሰብክበት ዓላማ ብቻ ተጠቀም፣ ከሚያስፈልግህ በላይ አትሰብስብ፣ የያዝከው ትክክል ይሁን፣ ጊዜው ሲያልፍ አስወግድ ይላል። ባለመረጃው የተያዘበትን የማየትና የተሳሳተውን የማስተካከል መብት አለው። ሃይማኖት፣ ብሔርና የጤና ሁኔታ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ናቸው። መረጃ ከእጅ ካመለጠ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ዛሬ ከሰዓት አንድ ፍላሽ ቢጠፋ፣ ሰዓቱን መቁጠር የሚጀምረው ማነው? ደብዳቤውንስ ማን ይጽፋል? ማን እንደሚጽፍ ካልተወሰነ 72 ሰዓቱ የሚያልቀው እናንተ ስብሰባ ሳትጠሩ ነው።

«ውጤት ካልተለጠፈ አድልዎ ይደበቃል» የሚል ክርክር አለ፣ ከመምህራንም ከተማሪዎችም ሰምቼዋለሁ፤ ቀላል ክርክርም አይደለም። አንድ ልጅ ከእሱ ያነሰ የሠራች የምትመስለው ጓደኛው ኤ ስታገኝ አይቶ ነው አቤት የሚለው። ግድግዳው የድሃ ተማሪ ጠበቃ የሆነበት ጊዜ አለ። አንዳንድ ትምህርት ክፍሎች ይህን ለማስታረቅ ስሙን ትተው መታወቂያ ቁጥር ብቻ ይለጥፋሉ። ጥሩ ጅምር ነው፣ ግን አቴንዳንስ ላይ ስምና ቁጥር አንድ ላይ ተጽፎ በየክፍለ ጊዜው ከእጅ እጅ ሲዞር የከረመ ክፍል ውስጥ ቁጥር ስምን አይደብቅም። የሚሻለው እያንዳንዱ የራሱን ውጤት በራሱ መግቢያ እንዲያይ ማድረግ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ስንት ኤ፣ ስንት ቢ፣ ስንት ሲ እንደተሰጠና የፈተናው አማካይ ስንት እንደሆነ ያለ ስምና ያለ ቁጥር መለጠፍ ነው። አቤት ባይ ደግሞ ወረቀቱን መምህሩ ፊት ማየት ይችላል። አድልዎን የሚያጋልጠው የክፍሉ ሥርጭት ነው፤ የአንዲት ልጅ ኤፍ ማንንም ከአድልዎ አድኖ አያውቅም።

የራስ መግቢያ ስል ግን የማየውን ልናገር፦ ለሁሉም አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ሰጥታችሁ «በኋላ ቀይሩት» ማለት መቆለፊያ ገዝቶ ቁልፉን በሩ ላይ እንደ መስቀል ነው። ተማሪው አይቀይረውም። እኔ ቤት መጥቶ የይለፍ ቃሉን ጮክ ብሎ ይነግረኛል፣ ከኋላው የተሰለፉት አሥር ሰዎች እየሰሙ። ሲስተሙ በመጀመሪያው መግቢያ ካላስገደደው ማንም አያስገድደውም።

ይህን ሁሉ አታውቁትም ብዬ አልጽፍም፤ ይልቁንም ይህች ከተማ ከሌላው ቀድማ የምታውቀው ነገር ነው። ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ ደንቢያን ወባ ከፈጃት በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሥራው ቤት ለቤት ሄዶ ሰውን መቁጠር፣ መጠየቅ፣ መመዝገብ ነበር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዳባት የምርምር ማዕከልም ከከተማዋ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የዳባት ወረዳ የተመረጡ ቀበሌዎች ነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና ከቦታ ወደ ቦታ መዘዋወር ሲከታተል ኖሯል። ሰው ሲሞት ምክንያቱን ለማወቅ ዘመዱን ቁጭ አድርጎ መጠየቅ ድረስ የሚሄድ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ጥናት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳያየው አይጀመርም። መረጃ ሰብሳቢው በር ላይ ቆሞ «ፈቃድዎ ነው? ካልፈለጉ መተው ይችላሉ» ይላል፤ ተመራማሪው እጅ የሚገባው ፋይል ላይ ስም አይኖርም፣ ኮድ ነው ያለው። የዳባት ገበሬ ስሙ ከሕመሙ ተለይቶ ይቀመጥለታል። ይህን ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የምታስተምሩ፣ የጥናት ፕሮፖዛል ላይ የፈቃድ ቅጽ ጎድሏል ብላችሁ የምትመልሱ ሰዎች እናንተው ናችሁ። ለገበሬው የምታደርጉትን ለተማሪያችሁ አድርጉለት ነው የምለው፤ አዲስ ሳይንስ አላመጣሁም።

አሁን ወደ ሌላው፣ እኔ ዘንድ ከሁሉ ይልቅ እንባ ወደሚያመጣው ልግባ። መረጃ መደበቁ ብቻ አይደለም፣ ትክክል መሆኑም አለ።

አንዲት ተመራቂ ከእናቷ ጋር መጣች፣ ማመልከቻ ልታስጽፍ። ሦስት ወረቀት ዘረጋችልኝ። የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቷ ላይ ስሟ አንድ ቃል ሆኖ ተያይዟል። የፋይዳ መታወቂያዋ ላይ ለሁለት ተከፍሏል። ቴምፖራሪዋ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃዋ) ላይ ደግሞ የተከፈለው ሁለተኛው ግማሽ የአባት ስም ሆኖ፣ የአባቷ ስም አያት ሆኖ፣ አያቷ ጭራሽ ጠፍተዋል። ሬጅስትራር «ሲስተሙ ላይ ያለው እንዲህ ነው፣ አይሲቲ ይቀይረው» አለ። አይሲቲ «እኛ የሰው ስም አንነካም፣ ሬጅስትራር በደብዳቤ ይዘዘን» አለ። ከዚያ አንዱ ቢሮ የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ አላት። እናቲቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲሰሙ ቆይተው «ስሟን ያወጣሁላት እኔ፣ አሁን ምስክር አምጪ ይሉኛል እንዴ?» አሉ። የምመልሰው አጣሁ። ማመልከቻውን ጻፍኩላቸው፣ ሒሳብ አልተቀበልኩም።

የአገራችንን ስም በኮምፒውተር መያዝ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው፣ ማንም ዕውቀት ነው ብሎ አልያዘውም እንጂ። «ዓለምፀሐይ»ን ውሰዱ። ዓይኑ ዓ ወይም አ፣ ጸው በሁለት ዓይነት፣ ሐው በሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ በትንሹ አሥራ ሁለት አጻጻፍ ማለት ነው፣ ለሰው ዓይን ሁሉም አንድ፣ ለፍለጋ ግን አሥራ ሁለት ሰው። «ገብረ ሥላሴ» ተለያይቶ ሲጻፍ ቅጹ «ሥላሴ»ን አባት ያደርጋቸዋል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ እያንዳንዱ ጸሐፊ እንደ ጆሮው ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ የአማርኛው ስም ዋና ሆኖ ይያዝ፣ የስም፣ የአባትና የአያት ሳጥን ይለያይ፣ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ምዝገባ ላይ በተማሪው ፊርማ አንድ ጊዜ ይጽና፣ ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን (ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ሌላ የሆኑትን) እንደ አንድ ይቁጠር። ይህን የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ ይሠራዋል። ሠርቶትም መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይሆናል።

የልደት ቀኑም እንዲሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1998 የተወለደ ልጅ ቅጹ ሳይጠይቀው እንደ ፈረንጆቹ 1998 ሲያዝበት በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። ዕድሜ የሚገድብ የውጭ ስኮላርሺፕ ሲያመለክት ነው የሚያውቀው፣ ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፏል። በጳጉሜን የተወለዱትማ ይቅር፤ ከአሥራ ሁለት ወር ውጭ የማያውቅ ሳጥን ፊት ቆመው «ነሐሴ 30 ልበልህ?» ሲባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ቁጥር ጎኑ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ይኑረው ማለት ምን ያህል ገንዘብ ይጠይቃል?

ፋይዳ መታወቂያ ከመጣ ወዲህ ገበያዬ ደርቷል፤ ይህን ስጽፍ በገዛ እንጀራዬ ላይ ነው። የዲጂታል መታወቂያው ቁጥር በኪውአር ወይም ወደ ባለቤቱ ስልክ በሚላክ ኮድ እንዲረጋገጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። እናንተ ዘንድ ግን ለዶርም አንድ ኮፒ፣ ለካፌ አንድ፣ ለወጪ መጋራት ቅጹ አንድ፣ ለላይብረሪ አንድ፣ ሲለቅ ለሚሞላው ክሊራንስ ደግሞ እንደገና። አንዱ ቢሮ ሌላው ቢሮ እንዳለው አያውቅም፣ ወይም አያምነውም። ኮፒዎቹ በየመሳቢያው ተከማችተው፣ ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ማን እንደሚያቃጥላቸው አልተጻፈም። ይህ ሁሉ ኮፒ ለእኔ ብር ነው፣ ለተማሪው ምንም አይደለም።

የጋራ መዝገብ ስለሌለም ቁጥር አይገጥምም። ሪፖርት ሊያሳትሙ የሚመጡ ሠራተኞች ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ፤ ሬጅስትራር የያዘው የተማሪ ብዛት ሌላ፣ የሥርዓተ ጾታ ቢሮው ሌላ፣ ካፌው የሚያበላው ሌላ። አቋርጦ የወጣው (ዊዝድሮው)፣ ተመልሶ የገባው (ሪአድሚሽን)፣ ትምህርት ክፍል የቀየረው፣ አንዱ ዘንድ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ሌላው ዘንድ አይቆጠርም። ከዚያ ለሚኒስቴሩ የሚላክበት ቀን ሲደርስ «በቃ የአምናውን አስተካክለህ ላክ» ይባላል። ስለ ተማሪ ማቋረጥ የሚወሰነው ውሳኔ፣ የሚገዛው ጤፍ፣ የሚሠራው ዶርም የቆመው በዚህ ላይ ነው።

አንድ የጎንደር ነገር ላንሣ፤ ለማስዋብ ሳይሆን ስለሚጠቅም ነው። በዚህች ከተማ አድባራት ወንጌሎች ጠርዝና ባዶ ገጾች ላይ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የመሬት ስጦታና ሽያጭ ተጽፎ ይገኛል። ማን ለማን እንደሰጠ ወይም እንደሸጠ፣ በማን ዘመን፣ እነማን እማኝ ሆነው እንደቆሙ በስም ተዘርዝሯል፤ የተጻፈውን ለሚያፈርስ ደግሞ ውግዘት አለበት። የያዘው ሰው ሞቶም መዝገቡ ይናገራል። እናንተ ዘንድ አንድ ግሬድ ከሲ ወደ ቢ ሲቀየር ምን ይቀራል? ማን እንደቀየረው፣ በማን ፈቃድ፣ በስንት ሰዓት፣ በፊት ምን እንደነበረ የሚያሳይና ማንም ሊፍቀው የማይችል ዱካ አለ ወይስ አዲሱ ፊደል አሮጌውን ውጦት ይቀራል? ሦስት ሰው በአንድ ስም በሚገባበት ሲስተም ላይ እማኝ የለም። የጥያቄዬ ምክንያት ያው ወንበሬ ነው፦ ትራንስክሪፕት በስካን አምጥቶ «ይቺን ፊደል ብቻ አስተካክልልኝ፣ የፈለግኸውን እከፍላለሁ» የሚል ሰው እኔ ቤት ብርቅ አይደለም። እኔ መልሼ እሰደዋለሁ፤ ቀጥሎ ያለው ቤት መመለሱን ግን በምን አውቃለሁ። አሠሪው በስልኩ አንሥቶ በደቂቃ የሚያረጋግጠው ኮድ ትራንስክሪፕቱ ላይ ቢኖር ያ ሰው ወደ እኔ ባልመጣ ነበር። አሁን ማረጋገጫ በደብዳቤ ይጠየቃል፣ በደብዳቤ ይመለሳል፣ እስከዚያ ሐሰተኛው ሥራ ገብቷል፣ እውነተኛው ደግሞ ማረጋገጫህ አልመጣም ተብሎ ቀርቷል።

ወረቀቱ ራሱስ? ከሱቄ በታች ቆሎ የሚሸጡ እናት አሉ። አንድ ቀን የሰጡኝን ጥቅልል ቆሎውን ጨርሼ ስፈታው የአንድ ተማሪ የሕመም ፈቃድ ነው። ስሙ አለ፣ ዕድሜው አለ፣ የታከመበት ምክንያት በሐኪም እጅ ተጽፎ ማህተም አርፎበታል፤ ምክንያቱም ሰው ለጓደኛው የማይነግረው ዓይነት ነበር። «እትዬ፣ ይችን ወረቀት ከየት አገኟት?» ብላቸው «በኪሎ ነው ልጄ የምገዛው፣ ከቢሮ የሚወጣ ነው፤ ምን አለበት?» አሉኝ። እሳቸው ምንም የለባቸውም። ልጁ ፈቃዱን ያስገባው ለአንድ ፈተና ነው፤ ፈተናው ካለፈ ዓመታት ሆኖታል፣ ሕመሙ ግን ዘይትና ጨው ተቀብቶ መንገድ ላይ ይዞራል። ስለ ሰርቨርና ስለ ሳይበር ጥቃት ሥልጠና ስትጠሩ ይህን ጓዳም አትርሱት። ወረቀት መቁረጫ ማሽን ካልተገዛ በርሜልና ክብሪት አለ።

ስለ መጠባበቂያ ቅጂ አላስረዝምም። በሰሜኑ ጦርነት ወልድያና ወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ምን እንደደረሰባቸው፣ ኮምፒውተሩ ከቤተ ሙከራው ዕቃ ጋር እንዴት እንደተጫነና እንደተሰባበረ አይታችኋል። ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በሚያውቅበት ክልል ውስጥ ሆኖ ሁሉን ነገር ውጭ ባለ ሰርቨር ላይ ማድረግም፣ ሁሉን ነገር አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥም አያዋጣም። አንድ ቅጂ እዚህ፣ አንድ ቅጂ ሌላ ከተማ፣ ቅጂው እንደሚሠራ ደግሞ በየሴሚስተሩ ከፍቶ ማየት። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ የለም ብላችሁ ቁጠሩት።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ ከሁሉ በፊት አንድ ሰው ነው። በየተቋሙ የተማሪ መረጃ ኃላፊ የሚሆን፣ ስሙና የቢሮ ቁጥሩ በር ላይ የተለጠፈ (መለጠፍ ካልቀረ እሱን ለጥፉልን)፣ ማን የቱን ዓምድ ማየት እንደሚችል የሚወስን፣ ከሬጅስትራርም ከአይሲቲም ጋር ተጣልቶ ወንበሩ የማይነቀነቅ ሰው። ተጠሪነቱ ለፕሬዚዳንቱ ወይም ለዲኑ ቢሆን ይሻላል፤ ከአይሲቲ ሥር ካደረጋችሁት የኔትወርክ ኬብል ሲዘረጋ ይውላል። ተማሪው የተያዘበትን አይቶ ስህተቱን የሚያመለክትበት አንድ መስኮት ይኑር፤ ማመልከቻ በገባ በተወሰነ ቀን ውስጥ አዎ ወይም አይ የሚል መልስ በጽሑፍ ይሰጥ። ሃይማኖትና የትውልድ ቦታ ከየትኛውም የሥራ ዝርዝር ላይ ይውጡ፤ ለስታቲስቲክስ ካስፈለጉ በቁጥር ይቀመጡ፣ ከስም ጋር አይጣበቁ። የተማሪ ዝርዝር በግል ቴሌግራም መላክ ይቁም። መምህራኑ አማራጭ ስለሌላቸው እንደሚያደርጉት አውቃለሁ፤ አማራጩን መስጠት የእናንተ ነው። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ጨረታ አያስፈልገውም፤ አንድ የሴኔት ወይም የአካዳሚክ ኮሚሽን ቃለ ጉባኤ ይበቃዋል።

የሚቀጥለው ዓመት አዲስ ገቢዎች ከነሻንጣቸው ሲመጡ የመጀመሪያው ቆይታቸው በእኔ በር ነው፤ ጉርድ ፎቶና የፋይዳ ኮፒ ፍለጋ። ያኔ ስንት ኮፒ እንደምታዝዟቸው አያለሁ። አንድ ኮፒ ብቻ ከሆነ ገቢዬ ቀነሰ ብዬ አልከሳችሁም።

ከሰላምታ ጋር
የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት
ጎንደር

ግልባጭ፦
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
ለየተቋማቱ የተማሪዎች ኅብረት
ለየትምህርት ክፍሉ ጸሐፊዎች፣ ፍላሹን ይዘው ለሚመጡት